«ኳሷን ነክቷል» ብሎ ማቆም አይቻልም

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ጨዋታ እያየን ነበር። አጥቂው ሳጥን ውስጥ ኳሷን ገፋ አድርጎ ሊያልፍ ሲል ተከላካዩ ከጎን በሸርተቴ መጣና በጫማው ጫፍ ነካት። እግሩ ግን አልቆመም። የአጥቂውን ቁርጭምጭሚት መታው። ልጁ ተደግፎ ነው ከሜዳ የወጣው። ዳኛው ‹ኳስ ነው› ብለው በእጃቸው አሳይተው ጨዋታውን አስቀጠሉ። ግማሾቻችን ‹ኳሷን ቀድሞ ነክቷል፣ አለቀ› አልን። ሌሎቻችን ‹እንዲህ ያለ ከባድ ታክል እንዴት ፔናልቲ አይሆንም?› ብለን ተከራከርን። የቱ ነው ልክ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ክርክር በደንብ አውቀዋለሁ። ረጅም ዓመታት በፊሽካ ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ወጣት ዳኞችን አሠለጥናለሁ። ከተጫዋች፣ ከአሠልጣኝ፣ ከተመልካች፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ከዳኞች በተደጋጋሚ የምሰማው ይኸው የእናንተ ሙግት ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

መልሱን ላስቀድም። አንተ እንደነገርከኝ ከሆነ ፔናልቲ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የያዘው ምክንያት ልክ አይደለም። ኳሷ ቀድማ መነካቷ ተከላካዩን ከጥፋት አያድነውም። የታክሉ መክበድም ለብቻው ፔናልቲ አያሰጥም። ተከላካዩ ኳሷን ፍለጋ ሲገባ ለአጥቂው እግር ምን ያህል ተጠንቅቋል? የሚወስነው ይህ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። በእግር ኳስ ሕግ ውስጥ «የፔናልቲ ጥፋት» የሚባል የተለየ ጥፋት የለም። ሕግ 12 ቀጥተኛ ቅጣት ምት የሚያሰጡ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። ባላጋራን መጥለፍ፣ መምታት፣ መግፋት፣ ላዩ ላይ መዝለል፣ መግጨት፣ ታክል መግባት እያለ ይቀጥላል። ተከላካዩ ከእነዚህ አንዱን በራሱ ሳጥን ውስጥ፣ ኳሷ ጨዋታ ላይ እያለች ከፈጸመ፣ ሕግ 14 ቅጣቱ ፔናልቲ ይሁን ይላል። በቃ። ጥፋቱ ያው ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። ከግብ መስመሩ 16.5 ሜትር ወደፊት የሚዘልቀው ሳጥን ቅጣቱን ያከብደዋል እንጂ ጥፋቱን አይለውጠውም።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አንድ ነገር የምጠይቃቸው። «ይህ ታክል መሃል ሜዳ ላይ ቢሆን ትነፋ ነበር?» እላቸዋለሁ። «አዎ፣ ያለ ጥርጥር» ይሉኛል። «ታዲያ ሳጥን ውስጥ ምን ነካህ?» ስላቸው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ይገባኛል። ከአራት ፔናልቲ ሦስቱ ገደማ ጎል ይሆናል። በአንድ ፊሽካ የጨዋታው ውጤት ሊለወጥ ይችላል። ሰው ነህና እጅህ ይከብዳል። «ለፔናልቲ ትንሽ ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋል» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። እንዲህ ብለን ከዳኘን ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው አጥቂው ነው። ተከላካዩ መሃል ሜዳ ላይ የማይደፍረውን ታክል ሳጥን ውስጥ ይደፍራል፤ ዳኛው እንደሚፈራ ያውቃላ!

አሁን ወደ «ከባድ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ሕጉ ታክልን በሦስት ደረጃ ይመዝናል። አንደኛው ጥንቃቄ ማጣት ነው። ተጫዋቹ ልብ ሳይል፣ ሳያስተውል ገብቶ ባላጋራውን ይጠልፋል። ይህ ጥፋት ነው፤ ካርድ ግን የለውም። ሁለተኛው ደንታ ቢስነት ነው። ባላጋራው ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ከቁብ ሳይቆጥር ይገባል። ይህ ቢጫ ነው። ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ኃይል ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ተጠቅሞ የባላጋራውን ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላል። ይህ ቀይ ነው።

ልብ በል። ፔናልቲ ለመስጠት የመጀመሪያው ደረጃ ይበቃል። ተከላካዩ ሳያውቅ፣ ቀስ ብሎ፣ በጉልበቱ የአጥቂውን እግር ቢጠልፍ ፔናልቲ ነው። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልጮኸም፣ ካርድም የለም። ፔናልቲ ነው። የታክሉ ክብደት የሚነግርህ ካርድ ይኑር አይኑር፣ ካለም ቀለሙን ነው። ጥፋት መኖሩን ግን ክብደቱ አይነግርህም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። እጅግ ከባድ ሆኖ ንጹሕ የሆነ ታክል አለ። ተከላካዩ ዝቅ ብሎ ይመጣል። እግሩ መሬት ለመሬት ነው። ጉልበቱ ታጥፏል። ኳሷን ሙሉ በሙሉ በጫማው ጎን ይዞ ይወስዳል። ሰውነቱ እዚያው ይቆማል። አጥቂው በፍጥነት እየመጣ ስለነበር በላዩ ተሻግሮ ይወድቃል። ተመልካቹ ይጮኻል፣ ሣሩ ይበጠሳል። ጥፋት ግን የለም። እግር ኳስ መነካካት ያለበት ጨዋታ ነው። እንዲህ ያለውን ታክል ያለ ቅጣት ማለፍ መቻል አለብን፤ አለበለዚያ የመከላከል ጥበብ ይጠፋል። ጥሩ ሸርተቴ ከጥሩ አብዶ አያንስም። እኔ እንዲያውም ሳየው ልቤ ይሞላል።

ስለዚህ «ከባድ ነው» ያላችሁት ወገኖች ያያችሁት ትክክል ነው፤ የደረሳችሁበት መንገድ ግን ያሳስታል። ነገ ንጹሕ ታክል አይታችሁ ፔናልቲ ትጠይቃላችሁ።

«ኳሷን ቀድሞ ነክቷል» ያላችሁትስ? ይህ ሐሳብ ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ የድሮ ሕግ ቅሪት ነው። በ1990ዎቹ በነበረው ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ታክል የገባ ተጫዋች ኳሷን ከመንካቱ በፊት ባላጋራውን ከነካ ጥፋት ነው የሚል ሐረግ ነበረ። ሰው ይህን ገልብጦ ያዘው። «ኳሷን በፊት ከነካ ጥፋት የለም» አለ። ሐረጉ ግን ያኔም እንዲህ አላለም። በኋላ ደግሞ ጭራሽ ከሕጉ ወጣ። ዛሬ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ብታነብ «ኳሷን ከነካ ነጻ ነው» የሚል መስመር አታገኝም። አፈ ታሪኩ ብቻ ቀርቷል።

«ሆን ብሎ አይደለም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ፔናልቲ ወደ ሕጉ የገባው በ1891 ነው። ያኔ የሚቀጣው ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት ነበር። ሕጉ ስለ ሐሳብ መጠየቅ ያቆመው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ለታክል መለኪያው ሐሳብ ሳይሆን ጥንቃቄ ሆነ። ይህ ለውጥ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዳኛ የሰው ልብ ውስጥ መግባት አይችልም። እግሩን ግን ማየት ይችላል።

ታዲያ ኳሷን መንካት ዋጋ የለውም ማለት ነው? አለው። ኳሷን በደንብ ያገኘ ተጫዋች ጊዜውን ጠብቆ፣ ርቀቱን ለክቶ መግባቱን ያሳያል። ያም ጥንቃቄ እንደነበረው ምልክት ነው። ምልክት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በጫማ ጫፍ ትንሽ ነክቶ በቀሪው እግር ሰውን ማጨድ ሌላ ነገር ነው። ኳሷ በዚያች ንክኪ ምን ሆነች? አቅጣጫዋ ተለውጦ ከአጥቂው ርቃ ሄደች? ወይስ እዚያው አጠገቡ ቀረች? እዚያው ከቀረች፣ ተከላካዩ ባይጥለው ኖሮ አጥቂው ይደርስባት ነበር። ያኔ ኳሷን ያስጣለው ታክሉ ሳይሆን ጥፋቱ ነው።

ዳኛ በሰከንድ ውስጥ ምን እንደሚያይ ልንገርህ። መጀመሪያ ርቀትና ፍጥነት ነው። ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ እግሩን የዘረጋ ተከላካይ ራሱን መግታት ይችላል። ከሩቅ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ራሱን የወረወረ ግን አይችልም። አንዴ ከተወረወረ በኋላ የሚቆጣጠረው እሱ ሳይሆን ክብደቱ ነው። ሜዳው ርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። «መቆም አልቻልኩም» የሚል ተከላካይ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እውነቱን ነው። ጥፋቱም እሱ ነው፤ ማቆም የማይችለውን ነገር ጀመረ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ እግሩ ይወርዳል። ጉልበቱ ታጥፏል ወይስ ቀጥ ብሏል? የታጠፈ ጉልበት እንደ ሞላ ነው፤ ግጭቱን ይውጠዋል። ቀጥ ያለ እግር እንደ አጣና ነው፤ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ይዞ ይመጣል። የታኬታው ጥርስ ወዴት ዞሯል? ወደ መሬት ከሆነ ጥሩ። ወደ ባላጋራው ከሆነ አደጋ አለ። እግሩ ምን ያህል ከመሬት ከፍ ብሏል? በአንድ እግር ነው የገባው ወይስ በሁለት? ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ለቀው ከመጡ እጄ ወደ ኪሴ መሄድ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ የኋለኛው እግር ነው። በሸርተቴ የፊተኛው እግር ኳሷን ይፈልጋል። ሁሉም ዓይኑን እዚያ ላይ ይተክላል። የኋለኛው ግን ተከትሎ እየመጣ የአጥቂውን እግር ይጠርጋል። አንዳንዱ እንደ መቀስ ከፊትና ከኋላ ይይዘዋል። የፊተኛው እግር ንጹሕ ሆኖ የኋለኛው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

የአጥቂውንም እግር አያለሁ። የተመታው በአየር ላይ ያለው እግሩ ነው ወይስ የቆመበት? በአየር ላይ ያለ እግር ሲመታ ይወዛወዛል። መሬት የነካ፣ ክብደት የተሸከመ እግር ግን የሚሄድበት የለውም። ግጭቱን የሚቀበለው ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ነው። ያንተ አጥቂ ተደግፎ ከወጣ የተመታው የቆመበት እግሩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ጉዳት ጥፋትን አያረጋግጥም። ንጹሕ ታክል ሰው ይጎዳል፤ አደገኛ ታክል ደግሞ በዕድል ብቻ ያለ ጉዳት ያልፋል። ዳኛ የሚፈርደው በአድራጎቱ ላይ ነው። ስለዚህ «ልጁ ተጎድቷል፣ ስለዚህ ፔናልቲ ነው» አትበል። እንዲያውም ጥፋት እንዲኖር ንክኪ የግድ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሕጉ መጥለፍን ብቻ ሳይሆን ለመጥለፍ መሞከርንም ይቀጣል። አጥቂው የመጣበትን እግር ለማምለጥ ዘልሎ ሚዛኑን ቢስትና ቢወድቅ ዳኛው ፔናልቲ መስጠት ይችላል።

አሁን ሜዳ ላይ የሆኑ ነገሮችን ላንሣ።

በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴቪያ ላይ፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ይጫወታሉ። ፈረንሳዊው ፓትሪክ ባቲስቶን ለብቻው አምልጦ ይመጣል። የጀርመኑ በረኛ ሃራልድ ሹማከር ይወጣል። ባቲስቶን ቀድሞት ኳሷን ይመታታል፤ በጎሉ አጠገብ ወደ ውጪ ትሄዳለች። ሹማከር ግን አየር ላይ እንዳለ በዳሌው የባቲስቶንን ፊት ይገጫል። ባቲስቶን ራሱን ሳተ። ጥርሶቹ ረገፉ፤ አከርካሪው ተጎዳ። ዳኛው ቻርልስ ኮርቨር የሰጡት የመልስ ምት ነበር። ካርድ የለም፣ ቅጣት የለም። ጨዋታው 3 ለ 3 አልቆ ጀርመን በመለያ ምት አለፈች።

ይህን ታሪክ ተማሪዎቼን ሳላስተምርበት የማልፍበት ጊዜ የለም። ሦስት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ኳሷ ከተመታች በኋላ የሚመጣ ግጭትም ጥፋት ነው። «ምቱን ጨርሷል እኮ» ይላሉ ሰዎች። ይጨርስ እንጂ! ኳሷ ጨዋታ ላይ እስካለች ድረስ ዘግይቶ የመጣ ግጭት ግጭት ነው። ሁለተኛ፣ በረኛ ልዩ መብት የለውም። በራሱ ሳጥን ውስጥ ኳስ በእጁ መያዝ ይችላል፤ ሰው መግጨት ግን አይችልም። ሦስተኛው ቦታውን ይመለከታል። ግጭቱ የተፈጠረው ሳጥኑ ጫፍ አካባቢ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ቢሆን ፔናልቲና ቀይ፣ ወዲያ ቢሆን ቅጣት ምትና ቀይ ነበር። ቀዩ በሁለቱም በኩል ያው ነው። ቦታና ክብደት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ያልኩህ ለዚህ ነው።

ሌላኛው ጫፍ ደግሞ የ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ነው። ጣሊያንና አውስትራሊያ በጥሎ ማለፍ ተገናኝተው ጨዋታው 0 ለ 0 ሆኖ ሊያልቅ ነው። ፋቢዮ ግሮሶ በግራ በኩል ሳጥን ውስጥ ይገባል። የአውስትራሊያው ሉካስ ኒል በሸርተቴ ይመጣል፤ ኳሷን ያጣታል፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ግሮሶ በላዩ ላይ ይወድቃል። ፔናልቲ። ፍራንቼስኮ ቶቲ አገባው፤ ጣሊያን አለፈች፤ ኋላም ዋንጫውን ወሰደች። ከባድ ታክል ነበር? ጨርሶ አልነበረም። ግሮሶም ንክኪውን የሸሸ አይመስልም። እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ግን የዳኛው ፊሽካ ይገባኛል። መሬት ላይ የሚወርድ ተከላካይ ትልቅ ኃላፊነት ይዞ ነው የሚወርደው። ኳሷን ካጣት፣ ሰውነቱ በሰው መንገድ ላይ የተጋደመ እንቅፋት ይሆናል።

ስለ አጥቂዎች ማታለል መጠየቅህ አይቀርም። አዎ፣ አለ። አንዳንዱ እግሩን ሆን ብሎ ወደ ተከላካዩ አዙሮ ይተዋል። አንዳንዱ ከመነካቱ በፊት ጉልበቱ ታጥፎ ይወድቃል። ይህ ማስመሰል ነው፤ ቢጫ ያስቀጣል። እኔ የማየው የእግሩን አካሄድ ነው። የሚሮጥ ሰው እግር ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚያርፈው። በድንገት ወደ ጎን ወጥቶ ተከላካዩን ከፈለገ፣ ንክኪውን የፈጠረው አጥቂው ነው። ነገር ግን ተጠንቀቅ። አጋንኖ መውደቅና ጥፋት አለመኖር አንድ አይደሉም። በእውነት ተጠልፎ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ የሚንከባለል ተጫዋች አለ። መንከባለሉ ያናድድሃል። ጥልፉ ግን ጥልፍ ነው።

ስለ ቦታው ባጭሩ። የሳጥኑ መስመር የሳጥኑ አካል ነው። መስመሩ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ፔናልቲ ነው። የሚቆጠረው እግር ለእግር የተገናኙበት ቦታ ነው። ተከላካዩ ሸርተቴውን የጀመረበት ወይም አጥቂው የወደቀበት ቦታ አይደለም። ውጪ ተመትቶ ውስጥ የወደቀ ቅጣት ምት ብቻ ያገኛል። መጎተት ከሆነ ለየት ይላል። ውጪ መለያውን ይዞ ጀምሮ ሳጥን ውስጥም ካልለቀቀው ፔናልቲ ነው።

ቫር (ዳኛውን በቪዲዮ የሚረዳው አሠራር) ሲመጣ ብዙዎቻችን ይህ ሁሉ ክርክር ያበቃል ብለን ነበር። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በቫር የተሰጠው የመጀመሪያው ፔናልቲ የእንዲህ ያለ ታክል ውጤት ነው። 2018፣ ካዛን፣ ፈረንሳይና አውስትራሊያ። የአውስትራሊያው ጆሽ ሪዝደን የፈረንሳዩ አንትዋን ግሪዝማን ላይ በሸርተቴ ገባ። ዳኛው አንድሬስ ኩንያ መጀመሪያ አሳለፉት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ሄደው አዩትና ፔናልቲ ሰጡ። ግሪዝማን አገባው። የመጀመሪያው ውሳኔ ግልጽ ስሕተት ነበር ወይ የሚለው ያኔም አከራክሯል። በዚያ ውድድር 29 ፔናልቲዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል የተሰጠበት የዓለም ዋንጫ የለም።

ከቫር አሠራር አንተ ቤትህ ሆነህ ልትጠቀምበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዝግ ያለው ምስል ለእውነታ ነው። የት ተነካ? መቼ ተነካ? ውስጥ ነው ውጪ? የታክሉን ኃይል ለመመዘን ግን በትክክለኛው ፍጥነት ማየት ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምስሉ ሲዘገይ ትንሹ ንክኪ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ከባዱ ግጭት ደግሞ አንዳንዴ መዳሰስ ይመስላል። ስንት ሰው በቆመ ፎቶ ሲከራከር አይቻለሁ! በቆመ ፎቶ ላይ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ካረፈ ሁሉም ታክል ቀይ ይመስላል።

የእናንተን ዳኛም ዝም ብዬ መውቀስ አልፈልግም። ኳሷ አቅጣጫ ስትለውጥ አይተዋል። ያንን ከየት ሆነው እንዳዩት ግን አላውቅም። በዳኝነት ከሁሉ የሚከብደው የቆምክበት ቦታ ነው። በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ያለውን ክፍተት ከጎን ሆነህ ማየት አለብህ። ከኋላ ከሆንክ የአንዱ ጀርባ የሌላውን እግር ይሸፍንብሃል። በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ናይጄል ደ ዮንግ የዣቢ አሎንሶን ደረት በታኬታው ሲመታው ዳኛው ሃዋርድ ዌብ ቢጫ ብቻ ሰጡ። በኋላ ቀይ መሆን እንደነበረበት፣ በደንብ እንዳልታያቸው በይፋ ተናግረዋል። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዳኛ ከሆኑት ከዓይናቸው ካመለጠ፣ ከማንም ሊያመልጥ ይችላል።

ከእኔም አምልጦኛል። ዳኝነት በጀመርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ተከላካዩ ገባ፤ ኳሷ ወደ ጎን ስትወጣ አየሁ፤ የማዕዘን ምት አሳየሁ። እኔ ከተጫዋቾቹ ኋላ ነበርኩ። አጥቂው አልተነሣም። ቀርቤ ሳየው ካልሲው ተቀዶ ቅልጥሙ ላይ የታኬታ ጥርስ ታትሟል። ያን ጊዜ ልቤ እንዴት እንደወረደ ዛሬም አልረሳውም። ያየሁት ኳሷን ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ታክል ሲመጣ ዓይኔ ኳሷ ላይ አይቆይም። ኳሷ የት እንደሄደች በኋላም ትታያለች። እግሩ ምን እንዳደረገ ግን የሚታየው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ማርኮ ቫን ባስተን የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ28 ዓመቱ ነው። ቁርጭምጭሚቱ አልሆን አለው። በዘመኑ ከነበሩት አጥቂዎች ምርጡ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አላየነውም። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ከኋላ የሚመጣ አደገኛ ታክል በቀይ እንዲቀጣ ለዳኞች ጥብቅ መመሪያ ሲሰጥ፣ ብዙ አጥቂዎች ከመሰበር ድነዋል ብዬ አምናለሁ።

የቀረችው የካርዱ ነገር ናት፤ እዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። እስከ 2016 ድረስ ተከላካይ ግልጽ የጎል ዕድል በጥፋት ካጨናገፈ ቀይ ነበር፤ ሳጥን ውስጥም ቢሆን። ቡድኑ ፔናልቲ ይሰጥበታል፣ ተጫዋቹ ይባረራል፣ ቀጣዩ ጨዋታም ያልፈዋል። በአንድ ጥፋት ሦስት ቅጣት ነው። በዚያ ዓመት ሕጉ ተሻሻለ። ተከላካዩ ኳሷን ለመጫወት ሞክሮ ከሆነና ፔናልቲ ከተሰጠ ቀዩ ወደ ቢጫ ይወርዳል። መለያ ከጎተተ፣ ከገፋ፣ ወይም ኳሷን የማግኘት ምንም ዕድል ሳይኖረው ከገባ ግን ቀዩ ይቆያል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ፔናልቲ ተሰጥቷል፣ ኳሷን ለመጫወት ሞክሯል፣ ስለዚህ ቀይ የለም» ይላል። ቅናሹ የጎል ዕድል ለማጨናገፍ ብቻ ነው። ታክሉ ራሱ ከልክ ያለፈ ኃይል ካለበት ቅናሽ የለውም። ፔናልቲም ነው፣ ቀይም ነው።

ወደ እናንተ ጨዋታ ልመለስ። ከጎን የመጣ ሸርተቴ፣ በጫማ ጫፍ የተነካች ኳስ፣ ያልቆመ እግር፣ የተመታ ቁርጭምጭሚት። ከጥንቃቄ ማጣት በላይ ነው። ቢያንስ ፔናልቲና ቢጫ እሰጥ ነበር። ቀይ ይሁን አይሁን ለመወሰን ግን ያልነገርከኝ ነገር አለ። ቪዲዮውን ካገኘኸው ፍጥነቱን ሳትቀንስ ሁለት ሦስት ጊዜ እየው። ቁርጭምጭሚቱን የመታው የፊተኛው እግር ነው ወይስ ተከትሎ የመጣው? ጉልበቱ ታጥፎ ነበር ወይስ ቀጥ ብሎ? የታኬታው ጥርስስ ወዴት ዞሮ ነበር? እነዚህን ጻፍልኝና ስለ ቀዩ እንነጋገራለን።